የነከሰው ሞተርና የቫልኩሩ መካኒክ

ቦምባርዲየር የሚለውን ስም ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ በዲፓርትመንታችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የበረረ ሰው ኪው 400 የተባለውን ያስታውሳል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ የተረከበው ይህ አውሮፕላን በዚያን ጊዜ የቦምባርዲየር ኩባንያ ምርት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ለኩባንያው የሰጠው ሰው ግን አውሮፕላን ሠርቶ አያውቅም። ኩባንያው ወደ አውሮፕላን ሥራ የገባው ሰውየው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1986 ካናዴር የተባለውን ፋብሪካ ሲገዛ ነው። እሱ የጋራዥ ሰው፣ እጁ በዘይት የጠቆረ የእኛ ቢጤ መካኒክ ነበር። ስለ እሱ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲየር ኤፕሪል 16 ቀን 1907 በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ቫልኩር በምትባል መንደር ተወለደ። እኛ በረዶ ስንል ትዝ የሚለን በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው። የኩቤኩ በረዶ ግን እንደ ባዘቶ እየላላ የሚወርድ፣ ሲከመር አጥር የሚውጥ ነው። በዚያ ዘመን የገጠሩን መንገድ የሚጠርግ ስላልነበረ፣ መኪና ያለው ሰው ብርዱ ሲገባ መኪናውን ጎተራ ውስጥ አቁሞ እስከ ጸደይ ድረስ ወደ ፈረሱና ወደ ተንሸራታች ጋሪው ይመለስ ነበር። ሐኪምም፣ ቄስም፣ ፖስተኛም በፈረስ ነው የሚሄዱት። ከባድ በረዶ ከጣለ ደግሞ ፈረሱም ይቀራል።

ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ነገር የሚፈታታ ነበር። ከአሮጌ ሰዓት ሞተር እየሠራ መጫወቻዎች ያንቀሳቅስ ነበር ይባላል። አባቱ አልፍሬድ ቄስ እንዲሆንለት አስቦ ሼርብሩክ ከተማ ወደሚገኝ የካህናት ትምህርት ቤት ላከው፤ ልቡ ግን ከብረት ጋር ነበር። አባትየው የቤተሰቡ መኪና እንዳይፈታበት ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ያረጀ የፎርድ ሞዴል ቲ ሰጠው። ልጁ ሞተሩን አውጥቶ አደሰውና በሁለት የእንጨት ተንሸራታቾች ላይ አሰረው፤ ከኋላ በእጁ የጠረበውን የእንጨት ፕሮፔለር ገጠመበት። ዲሴምበር 31 ቀን 1922 ወንድሙ ሌኦፖልድ ከፊት መሪውን ይዞ፣ እሱ ከኋላ ሞተሩን እየተቆጣጠረ፣ በመንደሩ መሐል ነዱት። ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። አባቱ ወዲያው እንዲፈታ አዘዘው። ብዙ ጽሑፎች አባትየውን እንደ ክፉ ያቀርቡታል፤ እኔ ግን እፈርድለታለሁ። መከለያ የሌለው ፕሮፔለር ሕፃናት በሚሮጡበት መንደር ሲሽከረከር ያየ አባት ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን ትቶ ጋራዥ ተቀጠረ፤ ሞንትሪያል ሄዶም ቀን እየሠራ ማታ ስለ መካኒክና ስለ ኤሌክትሪክ ይማር ነበር። በ1926፣ በ19 ዓመቱ፣ ቫልኩር ላይ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በ1929 ኢቮን ላብሬክን አገባ። በበጋ የሰው መኪና ይጠግናል፤ በብርዱ ወራት መኪናዎቹ ስለሚቆሙ ጋራዡ ባዶ ይሆናል። ያን ባዶ ጊዜ ነው የበረዶ መኪና ሙከራውን የሚያካሂድበት። ለዓመታት አንዱን ይሠራል፣ ያፈርሰዋል፣ ሌላ ይሠራል።

ችግሩ ምን ነበር? ክብደት ነው። ጭቃ ውስጥ በዱላ ጫፍ ብንወጋ ይገባል፤ ያንኑ ኃይል በሰፊ ሳንቃ ላይ ብናሳርፈው ግን አይሰምጥም። መኪና በአራት ጠባብ ጎማ ላይ ስለሚቆም በረዶው ውስጥ ይቀበራል። የዶዘር ዓይነት የብረት ሰንሰለት ክብደቱን ያሰፋዋል፤ ሆኖም ሰንሰለቱ ራሱ ከባድ ስለሆነ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል፣ በረዶም እየተጠቀጠቀበት ከጥርሱ ያስወጣዋል።

በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ኢቮን ትርፍ አንጀቱ ታመመና ሕመሙ ወደ ሆድ ዕቃው ተዛመተ። ሆስፒታል ያለው ሼርብሩክ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሙከራዎች ደግሞ እስከዚያ የሚያደርሱ አልነበሩም። ልጁ ሞተ። ስለ ቦምባርዲየር የሚወሩ ታሪኮች የበረዶ መኪናው ከዚህ ሞት እንደ ተወለደ አድርገው ይተርኩታል። እኔ አልስማማም፤ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረው ሥራ ነው። ቢሆንም አንድ መካኒክ፣ አውቆ ሊሠራው የሚችለው ዕቃ ሳይደርስለት ልጁ ሲሞትበት፣ በነጋታው ያንኑ ጋራዥ መክፈት ምን እንደሚመስል ለማሰብ ይከብዳል። እሱ ከፈተው።

መፍትሔውን ያገኘው በስፕሮኬቱ ላይ ነው። ሁለት የላስቲክ ቀበቶዎችን በብረት መስቀለኞች አያያዘ፤ እነሱን የሚያሽከረክረውን ጥርሳም ጎማ ደግሞ በላስቲክ ለበጠው። ላስቲኩ ቀላል ነው፣ ስለሚተጣጠፍም በረዶው ተጣብቆ አይቀርበትም። ከፊት ለመሪ ሁለት ስኪዎች፣ ከኋላ ሰንሰለቱ። በጁን 1937 የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ ሰባት ሰው የሚጭነውን ቢ7 ይሸጥ ጀመር። በ1942 ኩባንያ አቋቋመ። ተከትሎ የመጣው ቢ12 አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል፤ ጣሪያው ክብ፣ መስኮቶቹም የመርከብ መስኮት የመሰሉ ክብ፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ሐኪም የጫነው፣ ፖስታ ያመላለሰው፣ ተማሪ ያደረሰው፣ አምቡላንስ የሆነው ይሄው ነው። በማኒቶባ፣ በዊኒፔግ ሐይቅ ላይ፣ ዓሣ አጥማጆች በረዶ የሆነውን ውኃ እየተሻገሩ መረባቸውን የሚጎበኙበት እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ለዲፓርትመንታችን ተማሪ ወደሚጥመው ነገር ልግባ። ካናዳ ውስጥ ቢ12ን ከጎተራ አውጥተው የሚያድሱ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ የሚገጥማቸውም አንድ ነው፦ ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም። አብዛኞቹ ቢ12ዎች የክራይስለር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አላቸው፤ ቴስታታው ጠፍጣፋ ነው፣ ባልቦላዎቹ ያሉት ብሎኩ ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ነው። ሞተር በቆመበት ቦታ ሁሉ የአንዳንድ ሲሊንደር ባልቦላ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው፤ ፋሻውን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ያጣብቀዋል። ስለዚህ ስድስቱም ፒስተኖች ነክሰዋል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው ሌሎቹን አስረው የያዙት።

ወርክሾፓችን ውስጥ የተማርነው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሞተሪኖ አይነካም፤ ባትሪ አገናኝቶ ማስገደድ ቢየላ ማጣመም ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ በቀዳዳዎቹ ቀጭን ዘይት ይጨመራል። አንዳንዱ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግማሽ በግማሽ ይቀላቅላል፣ ሌላው በናፍጣ ይምላል። በእኔ እምነት ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ የሚሠራው ቀኑ ነው፤ አንድ ሳምንት፣ ሲብስም አንድ ወር። አልሆን ካለ ቴስታታው ይነሳል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ቴስታታ ባልቦላ ስለሌለበት ክዳን ከማንሳት አይለይም፤ ጥፋተኛውም ሲሊንደር ከዝገቱ ወዲያው ይታወቃል። ከፒስተኑ በላይ ያለው ዝገት በወረቀት ይጠረጋል፣ ምክንያቱም ፒስተኑ ወደዚያ ሊወጣ ስለሆነ። ከዚያ ፒስተኑ ላይ ጠንካራ እንጨት አስቀምጦ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት፣ በሌላ ወገን ደግሞ ቮላኖውን በብረት ዘንግ መግፋት። አንዲት ጥርስ ከተነቃነቀ ወደ ፊት አይቀጠልም፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወዲያና ወዲህ እያደረጉ፣ ዘይት እየጨመሩ፣ ክፍተቱን ማስፋት ነው። ላብ የሚያስወጣው ጉልበቱ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው።

የማይፈታም አለ። ፀረ በረዶ ሳይጨመርበት ውኃ እንደያዘ የከረመ ብሎክ፣ ውኃው ሲረጋ ስለሚሰፋ ይሰነጠቃል። እሱን በዘይት ማሸት ትርፉ ድካም ነው።

ቢ12 ጎተራ የገባበት ምክንያትም ከባለቤቱ ታሪክ የተለየ አይደለም። በ1948 የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶች በክረምት እንዲጠረጉ ደነገገ። ለሕዝቡ ታላቅ ዜና ነው፤ እንደ ኢቮን ያለ ልጅ ከእንግዲህ በመኪና ሆስፒታል ይደርሳል። ለቦምባርዲየር ግን ገበያው በአንድ ክረምት ወደቀ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። መንገዱ ተጠርጎ ቢሆን ልጁ ባልሞተ፤ መንገዱ ሲጠረግ ደግሞ ፋብሪካው ሊሞት ሆነ። ሰውየው ሲያማርር አልተገኘም፤ ሰንሰለቱን ይዞ መንገድ ወደማይደርስበት ሄደ። ለጫካ ሥራ የሚሆኑ ትራክተሮች ሠራ፤ በ1953 ደግሞ ረግረግ የሚሻገረውን መስኬግ አወጣ፤ ነዳጅ ፈላጊዎችና መስመር ዘርጊዎች ተሻሙበት።

የልጅነት ሕልሙ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የምትሆን ትንሽ የበረዶ መኪና ነበረች። ለዚያ ቀላል ሞተር ያስፈልግ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተገኘ። ልጁ ዤርሜን ያበጀው መጋጠሚያ የሌለው ወጥ የላስቲክ ሰንሰለትም ተጨመረ። በ1959 ስኪ-ዱ ገበያ ወጣች። እሱ ያሰበው በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ለሚጓዙ የሩቅ ሰሜን ሰዎች መሥሪያ እንድትሆን ነበር፤ ሰዉ ግን መዝናኛ አደረጋት፣ እጅግም ተሸጠች።

የስኬቱን ሙሉ መጠን አላየም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1964 ሼርብሩክ ውስጥ በካንሰር ሞተ፤ 56 ዓመቱ ነበር። ፋብሪካውን ልጁ ዤርሜን ተረከበ። ቫልኩር ላይ በ1971 በስሙ ሙዚየም ተከፈተ፤ የ1926ቱም ጋራዥ እዚያ ተጠብቆ ይገኛል።