የገበሬውን ድካም በሚዛን ያዩት የድሬዳዋው ነጋድራስ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከተማይቱ በተራራው ግርጌ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሐረርጌ ገበሬ ያመረተው ቡናና ያረባው ከብት ቆዳ ወደ ባሕር የሚወጣው፣ በውጭ አገር የተሠራው ጨርቅና ሸቀጥም የሚገባው በዚሁ በር ሆነ። በዚህ በር ላይ ተሹመው ከሠሩት ሰዎች መካከል፣ ስለ ገበሬው ድካምና ስለ ምርቱ ዋጋ አጥብቀው በማሰባቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። በዚያው ሰሞን የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ፈጅቶ አገሩ ሁሉ ክፉ ቀን በተባለው ረኀብ ተመታ። ገብረ ሕይወትም ገና በልጅነታቸው ከአገራቸው ተሰደው በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያና በጀርመን አደጉ፤ ቋንቋና ዘመናዊ ዕውቀትም ቀሰሙ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ጊዜ በቤተ መንግሥቱ በተነሣው የሥልጣን ሽኩቻ ምክንያት ግን ለጥቂት ጊዜ ከአገር ለመውጣት ተገደዱ። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ ታተመ። በዚህም ጽሑፍ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብሩ የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን፣ ሕግ ተጽፎ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ የጉምሩክ አሠራር ሥርዓት እንዲይዝ አሳሰቡ። በዚያ ዘመን ወታደርና ሹም ደመወዝ ሳይቆረጥላቸው ከገበሬው ላይ ይኖሩ ስለነበር፣ ግብሩ ይወሰን ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ ቀረጥ ያስከፍላል፣ የነጋዴውን ክርክር ይሰማል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ ዋና የንግድ መንገድ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፍ ሆነ። ነጋድራሱም በዚህ ሥራቸው ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚገባ በቅርብ የሚያዩ ሰው ነበሩ።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ሁለተኛው መጽሐፋቸው ይህንኑ የልውውጥ ነገር በሰፊው ያብራራል። የሀሳባቸው መሠረት ሀብት ሁሉ ከሥራ የሚገኝ መሆኑ ነው። ነገር ግን ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ያመርታል፤ ዕውቀት የሌለው ደግሞ በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ያልተማረው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል። ይህን ለመረዳት ቆዳን መመልከት ይበቃል። ጥሬ ቆዳ ሸጦ ከዚያው ቆዳ የተሠራ ጫማ የሚገዛ ገበሬ፣ በመካከሉ ያለውን የማልፋትና የመስፋት ሥራ ዋጋ ሁሉ ከኪሱ ይከፍላል። ባቡርም ቢሆን ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚጭን ከሆነ፣ የሕዝቡ ዕውቀትና የእጅ ሥራ አብሮ ካላደገ፣ ጥቅሙ ለሌላ እንደሚሆን ነጋድራሱ አስጠንቅቀዋል።

ይህን መጽሐፍ ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ሐረር ላይ ዐረፉ። በዚያ ጊዜ የሕዝብን አገልጋይ በውሳኔ የሚያመሰግን ምክር ቤት በአገሪቱ አልነበረም፤ ፓርላማ የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ክብራቸውም የተገለጠው በመጽሐፉ ነው። ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ከብዙ ዘመን በኋላም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የልማትን ነገር የሚያጠኑ ምሁራን የሚያነቡት ሆነ።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከነጋድራሱ ሕይወት የሚያገኙት ትምህርት ተግባራዊ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ማኅበሩ ምርቱን ሲሸጥ ምን ያህል ኩንታል እንደወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት የሥራ ቀን እንደፈጀና በሽያጩ ምን እንደተገዛበት መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ቡናው ታጥቦና ተለይቶ፣ ቆዳው በአገር ተለፍቶ፣ እህሉ በአንድነት ተከማችቶ ዋጋ ሲያገኝ ቢሸጥ፣ የድካሙ ዋጋ በመንደሩ ይቀራል። ሚዛኑን የሚያነብና መዝገቡን የሚጽፍ ሰው ከአባላቱ ልጆች መካከል አስተምሮ ማውጣትም የማኅበሩ መሪዎች ሥራ ነው። በአባላት ስብሰባ ላይ የሒሳብ መዝገቡ ሲነበብ ይህ ስሌት አብሮ ቢቀርብ፣ ነጋድራሱ በድሬዳዋ በር ላይ ሆነው ያሰቡት ነገር በገበሬው ደጃፍ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።