ድንጋጤን የመረመረው ሊቅ፤ ዶክተር ዋልተር ካነን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያውቃል። ጭነት የተሸከመ ካሚዮን ከማዞሪያው ላይ በድንገት ብቅ ሲል የተሳፋሪው ልብ ይመታል፤ አፉ ይደርቃል፤ መዳፉን ያልበዋል። አደጋው ካለፈም በኋላ ጉልበቱ ጥቂት ይንቀጠቀጣል። ይህ ስለ ምን እንደሚሆን መርምረው ካስረዱት ሊቃውንት ዋነኛው አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ስለ ሆነ፣ ለዚህ የበዓል መጽሔታችን የእርሱን ታሪክ መርጠናል።

ካነን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1871 በዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። እናቱ ገና በልጅነቱ ሞተችበት። 14 ዓመት ሲሆነው አባቱ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት ሥራ አስያዘው። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ በ1892 ሃርቫርድ ገብቶ በ1900 በሕክምና ተመረቀ። ትምህርት አቋርጦ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ በየክፍላችን ያየነው ስለ ሆነ፣ ይህን ሳናደንቅ ማለፍ አንችልም።

የሕክምና ተማሪ በነበረ ጊዜ ራጅ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ሮንትገን ያገኘው በ1895 ነው። ካነን ቢስሙት የተባለውን በራጅ የሚታይ ዱቄት ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ድመቶችን እያበላ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ ይመለከት ጀመር። ነገር ግን ድመቲቱ በፈራች ወይም በተቆጣች ቍጥር ጨጓራዋ ሥራውን ያቆምበታል። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅፋት ነው ብሎ በተወው ነበር። እርሱ ግን ነገሩን ለብዙ ዓመታት ተከታተለው።

በ1906 የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1911 ከባልደረባው ከደ ላ ፓዝ ጋር ሆኖ፣ ውሻ ከጮኸባት ድመት ደም ወስዶ ከአንጀት በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ሞከረው። ድመቲቱ ሳትደነግጥ የተወሰደው ደም አንጀቱን መኮማተሩን አላስተወውም፤ ከደነገጠች በኋላ የተወሰደው ግን አስቆመው። በደሙ ውስጥ የነበረው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊን ነው። ነርቭ ትእዛዙን ሲያደርስ ልብ ይፈጥናል፤ የሳንባ መተንፈሻ ይሰፋል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ደምም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያደላል። ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ ተሰናዳ ማለት ነው። ደንግጦ ወሽመጤ ተቆረጠ የሚለው ሰዋችን፣ ፍርሃት ሆድ ዕቃን እንደሚነካ ሳይማር ያውቅ ነበር።

ካነን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እኛን ይልቁን የሚነካ ነገር ገልጧል። ከዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች አራቱ ከከባድ ፈተና በኋላ በሽንታቸው ስኳር ተገኘ። ከብርቱ ግጥሚያ በኋላ ከተመረመሩት 25 የሃርቫርድ ኳስ ተጫዋቾችም በ12ቱ ላይ ታየ፤ ከእነዚህ አምስቱ ቁጭ ብለው ሲመለከቱ የዋሉ ተጠባባቂዎች ነበሩ! እንግዲህ በፈተና ጧት ቁርስ እንቢ የሚለን ስንፍና አይደለም።

ካነን የ64 ዓመት ሰው ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. (በአውሮፓ ዲሴምበር 6 ቀን 1935) የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በመትረየስ ይተኩሱ ነበር። መሣሪያ የያዘ ሲተኩስ ሌላው ሲሸሽ፣ በሁሉም ደም ውስጥ የሚሮጠው ያው አድሬናሊን ነው። ነገር ግን ይህ ዝግጅት ለአውሬና ለጦር የሚበጅ ነው፤ ከሰማይ ለሚወርድ ቦምብ የጡንቻ ብርታት ብዙ አይረዳም። በዚያን ቀን ሰውነት ያን ሁሉ ኃይል አሰናድቶ የሚያውልበት ያጣው ስንቱ ይሆን? አደጋው ሲያልፍ ልብም ሆድም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ካነን ይህን ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ በ1926 ሆሜኦስታሲስ ብሎ ሰይሞታል። ድንጋጤው ሳይበርድ ሲሰነባብት ግን ያው ዝግጅት ሰውነትን እንደሚጎዳ ዛሬ ይታወቃል።

እርሱ ራሱ ደፋር ሰው ነበር። በ1901 ከሚስቱ ጋር በጫጉላቸው ጊዜ በሞንታና አንድ ተራራ ወጥተው ተራራው በስሙ ተጠርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ፈረንሳይ ሄዶ የቁስለኞችን ሁኔታ መርምሯል። በወጣትነቱ ያለ መከላከያ በራጅ በመሥራቱ የቆዳ ሕመም ሲያሠቃየው ኖሮ በ1945 ሞተ። በነርቮቹ ጫፍ ላይ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ሲፈልገው ኖሮ ነበር፤ ኖርአድሬናሊን መሆኑን ስዊድናዊው ፎን ኦይለር ያሳወቀው በዓመቱ በ1946 ነው።