ወንዝ ዳር የተገኘው መድኃኒት፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት

አክሊሉ ለማ በአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ስማቸውን ያስጠራው ግኝት ግን የተገኘው በታላቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው።

ወደዚያ የወሰዳቸው ቢልሃርዚያ ነበር። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይወጣል፤ ከዚያም ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ደሙ ይዘልቃል። ስያሜው የተወሰደው ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ከናይል ሸለቆ እስከ የመን፣ በሳዑዲ ዓረቢያም በጂዛንና በዓሲር፣ ገበሬውንና ሕፃኑን ሲያሠቃይ የኖረ ደዌ ነው።

ወጣቱ ተመራማሪ ቀንድ አውጣዎችን እየፈለጉ በወንዙ ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው ይታያሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም፤ የኢትዮጵያ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ በሚያነጹበት በእንዶድ ፍሬ ነበር። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ከእርሳቸው በፊት ስንቱ አልፏል፤ ቆሞ የጠየቀው ግን እርሳቸው ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በተካሄደው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከበርካታ የእንዶድ ዓይነቶች ብርቱዎቹን መርጠው የማልማቱን ሥራ ያዙ።

ተቀባይነት ማግኘቱ ከግኝቱ ይልቅ ከበደ። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይመከር የነበረው ኬሚካል ድሃ አገሮች በውጭ ምንዛሪ የሚገዙት ውድ ዕቃ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። ያም ሆኖ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት ለዓለም አቀፍ ተቋማት አልበቃቸውም፤ የመርዛማነቱ ምርመራ በእነርሱ ደረጃ እንደገና እንዲሠራ ጠየቁ። ጥንቃቄው ተገቢ ነው ቢባል እንኳ፣ መጓተቱ ዓመታትን በላ። በዚያ መሐል ሕፃናቱ ወንዝ መውረዳቸውን አላቆሙም።

አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ሲያገለግሉም እንዶድን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ታወቀ፤ የአድዋ እናቶች ሳሙና በኦሃዮ ቤተ ሙከራ ተፈላጊ ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።