ሁለቱም ወገን የጠሉት መምህር

ጥሊሊ 12ኛ ክፍል ስንማር ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የሚባል ትምህርት ነበረን። እውነቱን ለመናገር ለፈተና ሸመደድነው እንጂ አልተከራከርንበትም። ሃይማኖት ደግሞ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይነሳም፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ከአጥሩ ውጭ ግን ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ አገሩ ጎጃም ነዋ! ፍልስፍና የሚባለውን ነገር በደንብ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሎጂክ ስወስድ ነው። ዘርዓ ያዕቆብንም ያኔ አወቅሁት። ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን።

ሕይወቱን የምናገኘው ከራሱ መጽሐፍ፣ ከሐተታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ሲጀምር ድምፁ ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞሮ 4 ዓመት ቆየ፤ ከዚያ 10 ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ይሄ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጨረሻው ደረጃ ነው። የእኛ 11ኛና 12ኛ በሉት፣ ግን 10 ዓመት ሙሉ። እዚያ አንድ ቃል ተነቦ አንድ ፍቺ ብቻ አይበቃም፤ አንድም እየተባለ ሌላ ይጨመራል።

ተምሮ ሲጨርስ አክሱም ተመልሶ 4 ዓመት አስተማረ። ጊዜው ክፉ ነበር። አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገብተው አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። እሱ ታዲያ ሲያስተምር ፈረንጆቹ ይህን ቃል እንዲህ ይፈቱታል፣ ግብጾቹ ደግሞ እንዲህ ይላል እንጂ የትኛው ልክ እንደሆነ አይፈርድም። ተማሪው ራሱ ይመርምር ነው ነገሩ። ቲክቶክ ላይ በሃይማኖት ክርክር መሃል ገብቶ የሁለቱንም ሐሳብ የሚያስረዳ ሰው ምን እንደሚወርድበት ታውቃላችሁ አይደል? እሱም ያው ነው የደረሰበት። ለፈረንጆቹ ግብጽ፣ ለግብጾቹ ፈረንጅ ሆነ። በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ጠላቱ ለንጉሡ ከሰሰው። ትንሽ ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሌሊት ጠፋ።

ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ 2 ዓመት ብቻውን ኖረ። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ነው ልክ ካለ ዳኛው ማን ነው? መልሱ፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው ልቡና የሚል ሆነ። ልብ በሉ፣ ፈጣሪን አልካደም፤ ዳዊቱን እየደገመ ነው የሚያስበው። ግን ጾሙንም ምንኩስናውንም፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጡንም በዚያው ሚዛን አየው። አያቴ ይህን ብታነብ ስለ ጾሙ ታዝንብኛለች።

ሱስንዮስ በ1632 ሲሞቱ ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ መጽሐፍ ይጽፍ፣ ልጆቹንም ያስተምር ጀመር። እኔን ከሁሉ የያዘኝ እዚህ ያለው ነው። በቤቱ ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ የሚወራለት አይደለም፣ ግን ብልህና ታጋሽ ናት ይላል። ሊያገባት ሲጠይቅ ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን አለው። እሱ ግን አገልጋይ ሳይሆን ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ መለሰ። ኂሩትም ራሷ ፈቃዷን ተጠየቀች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው እንግዲህ!

ሐተታን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ይህን ሲል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። እኔ ወደ ሰምነር አደላለሁ፤ ዜማው እምቢ ያለው ልጅ የእውነት ይመስለኛል። እናንተ ሁለቱንም አንብቡ።

በመጽሐፉ መሠረት ሐተታን በ1667፣ በ68 ዓመቱ የጻፈው የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። ከዚያም 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ሞተ። ወልደ ሕይወት የመምህሩን ሞት መጨረሻው ላይ ጨመረበትና የራሱን ሐተታ መጻፍ ጀመረ።