አዳኙ ሳሙኤል ቤከር በአትባራና በሰቲት ዳር

ሳሙኤል ኋይት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1821 በለንደን ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሲኖር በአዳኝነቱ ስሙ ወጣ። በ1861 በኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር ከካይሮ ተነሥቶ ወደ እኛ አካባቢ መጣ። ዓላማው ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን የዓባይ ገባሮች መመርመርና ዐረብኛ መማር ነበር።

በሰኔ ወር አትባራ ዳር ሲደርስ ወንዙ ደርቆ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኗል። ጎርፉ የመጣው ከሩቁ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እኛ ጓንግ የምንለው ወንዝ እዚህ አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ይቀላቀለዋል። ቤከር የግብፅን እርሻ የሚያለማው ደለል ከዚሁ ደጋ ታጥቦ እንደሚወርድ ተረዳ።

ክረምቱን አትባራ ዳር በሶፊ አሳልፎ፣ ዝናቡ ሲያባራ ከሐምራን ዐረቦች ጋር ወደ ሰቲት ዘለቀ። ከጠመንጃዎቹ ትልቁን ሰዎቹ የመድፍ ልጅ ይሉት ነበር፤ ሲተኮስ ተኳሹን ጭምር ያንገዳግዳል። ሐምራኖቹ ግን ዝሆን የሚገጥሙት በፈረስና በሰይፍ ብቻ ነበር። አንዱ ዝሆኑን አስቆጥቶ ከፊቱ ሲሸሽ፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ ቋንጃውን ይቆርጣል። ከእነርሱ መካከል ሮደር ሸሪፍ አንድ እጁ የሰለለ ነበር፤ ሆኖም ዝሆኑን ከፊት ሆኖ የሚያስከትለው እርሱ ነው።

ቆርኬና ሚዳቋ ለማደን ግን ድፍረት ብቻውን አይበቃም። ነፋሱ ጠረኑን እንዳይወስድበት ዞሮ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ አድፍጦ መጠበቅ ነበረበት። አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ያያል፤ ቤከርም የእንስሳቱን ልማድና የወንዞቹን ጠባይ በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ጻፈ።

ከዚያ በመተማ በኩል አድርጎ በ1862 ካርቱም ገባ፤ በ1864 ከፍሎረንስ ጋር አልበርት ሐይቅ ደረሰ። ከ1869 እስከ 1873 በግብፅ ገዥ ተሹሞ በደቡብ የባሪያ ንግድን ተዋጋ። በ1893 በእንግሊዝ አገር ሞተ።

ቤከር ብዙ እንስሳት ገድሏል፤ አንዳንዱን ለሥጋ፣ አንዳንዱን ለጀብዱ። በዚያ ዘመን አውሬው የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በዛ፤ ጫካው ተመንጥሮ ማሽላና ሰሊጥ ተዘራበት። እርሱ ያያቸው ቀጭኔና አውራሪስ ዛሬ በእነዚህ ወንዞች ዳር የሉም። ዝሆኑ ግን በተከዜ ዳር በቃፍታ ሽራሮ እስከ ዘመናችን ቆይቷል፤ አንበሳም በ1935 በተከለለው በዲንደርና ከድንበሩ ማዶ ባለው በአልጣሽ አለ። የቤከር መጽሐፍ ዛሬ የሚጠቅመን ምን እንደ ነበረን የሚነግር መዝገብ ሆኖ ነው። የቀረውን ካልጠበቅን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ልጆች ስለ ዝሆኑና ስለ አንበሳው የሚያነቡት እንደ ተረት ይሆናል።