ቶማስ ዋርተን፦ ስሙ በእትብት ውስጥ የቀረው ሐኪም

በቦሌም ሆነ በየካ በአልትራሳውንድ የጽንስን እትብት የሚመረምር ሐኪም፣ የደም ሥሮቹን የከበበውን ዝልግልግ ነገር የዋርተን ጄሊ ይለዋል። በእትብት ላይ እጅግ አልፎ አልፎ የሚበቅሉት ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች የሚለዩትም የዚህን ጄሊ ጤናማ መልክ ከሚያውቅ ዓይን ነው። ባለስሙ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በሕይወት ዘመኑ ይበልጥ የታወቀው በሌላ ጉዳይ ነበር።

ቶማስ ዋርተን እ.ኤ.አ. በ1614 በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ ተወለደ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ ተምሮ ወደ ኦክስፎርድ ተሻገረ፤ በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ሰሜን ተመልሶ ጥቂት ዓመታት ቆየ። በ1647 ከኦክስፎርድ የሕክምና ዶክትሬት አገኘ፤ በ1650 የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆነ።

ስሙን ያስጠራው በ1656 በላቲን ያሳተመው «አዴኖግራፊያ» የተሰኘ መጽሐፍ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ዕጢዎች ናቸው። አማርኛ በሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ያለውንም ሆነ በበሽታ የሚበቅለውን ዕጢ በአንድ ቃል መጥራቱ ለአንባቢ ግር ሊል ይችላል፤ የዋርተን መጽሐፍ በዋናነት ስለ መጀመሪያው ነው። አንጎል ዕጢ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ አልተቀበለም። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የሚገኘው የምራቅ ዕጢ ፈሳሹን ወደ አፍ የሚያደርስበትን ቱቦ ገለጸ። ታይሮይድንም ጋሻ በሚመስለው የማንቁርት ልም አጥንት ስም ሰየመው፤ ከተግባሮቹ አንዱ ግን በተለይ የሴቶችን አንገት ሞልቶ ማሳመር ነው ብሎ ገመተ። እንቅርት በበዛበት ደጋ ላደገ ሰው ይህ ግምት ፈገግ ያሰኛል።

ዋርተን በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል አገልግሏል። በ1665 ታላቁ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ ብዙዎች ሲሸሹ እርሱ ታማሚዎቹን ይዞ ቀረ። የንጉሡ ሐኪም እንደሚሆን ተስፋ ተሰጥቶት ነበር፤ ቦታው ሲለቀቅ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። በካሣ መልክ በቤተሰቡ አርማ ላይ የክብር ምልክት ተጨመረለት፤ የዚያንም ክፍያ 10 ፓውንድ ከኪሱ አወጣ። በ1673 አረፈ።

ስለ እትብት የጻፈው በዚያው የዕጢ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ጄሊው ውኃ የሚይዝ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሞላበት ሲሆን፣ ሁለቱን ደም ቅዳዎችና አንዱን ደም መልስ ከመጨፍለቅና ከመታጠፍ ይጠብቃል። ሄማንጂዮማ የተባለው ዕጢ ከእነዚሁ ሥሮች ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜም እትብቱ ከእንግዴ ልጅ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ አጠገብ ይገኛል። ቴራቶማ ከእርሱም ይልቅ ብርቅ ነው። ካንሰር አለመሆናቸው ግን ከጉዳት ነጻ አያደርጋቸውም። ጽንሱ ከእንግዴ ልጅ ጋር የተያያዘው በዚያ አንድ ገመድ ስለሆነ፣ ያደገ ዕጢ ሥሮቹን ሊጫን፣ የእንሽርት ውኃ ሊያበዛ፣ ያለጊዜው መውለድን ወይም የጽንስ ሞትን ሊያስከትል ይችላል።

ምርመራውን የሚያስቸግረው ራሱ ጄሊው ነው። በሄማንጂዮማ ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ስለሚያብጥ፣ ዕጢው ተሸፍኖ እብጠቱ ብቻ ይታያል፤ ተራ የውኃ ከረጢት ወይም በእምብርት በኩል የወጣ አንጀት ሊመስልም ይችላል። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር ይረዳል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ከወሊድ በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ ነው።

በአማርኛ የትውልድ አገር እትብት የተቀበረበት ይባላል። በጤና ተቋማትም እንግዴ ልጅና እትብት ወደ ተዘጋጀላቸው ጉድጓድ ይወርዳሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞቶ የተወለደ ሕፃን እትብት ሳይታይ ከተቀበረ፣ ዕጢ ነበረ ወይም አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የዕጢው ብርቅነት በከፊል ካለመመልከት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለፓቶሎጂ ባለሙያ የሚያስፈልገው ያበጠው የእትብት ክፍል፣ ከእንግዴ ልጁ ጋር እንደተያያዘ፣ ፎርማሊን ውስጥ ተቀምጦ መላኩ ነው።