የሀገርን ገቢ የለኩት፣ ክፍፍሉንም የጠየቁት ሲሞን ኩዝኔትስ

የሀገር ሀብት ሲያድግ የሁሉም ዜጋ ማዕድ ይሞላልን? ይህን ጥያቄ በአኃዝ ለመመርመር ዕድሜያቸውን ከሰጡ ምሁራን አንዱ ሲሞን ኩዝኔትስ ናቸው።

ኩዝኔትስ በዛሬዋ ቤላሩስ፣ በፒንስክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ በ1901 ተወለዱ። በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1926 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ባናወጠበት ዘመን የሀገሪቱን ገቢ አስልተው በ1934 ለሴኔቱ አቀረቡ። ገቢው ከ1929 እስከ 1932 በግማሽ ያህል ማሽቆልቆሉ በዚህ ታወቀ። የገቢ ድምር ብቻውን የሕዝብን ኑሮ እንደማያሳይም በዚያው ሰነድ አስጠነቀቁ።

በ1955 የአሜሪካን፣ የእንግሊዝንና የጀርመንን መረጃ አነጻጸሩ። ሕዝብ ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ ሲሸጋገር የገቢ ልዩነት መጀመሪያ ሊሰፋ፣ ኋላም ሊጠብ እንደሚችል ገመቱ፤ ማስረጃቸው ጥቂት መሆኑን ግን አልሸሸጉም። በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1985 አረፉ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ልዩነቱ በአሜሪካና በእንግሊዝ ዳግም በእጅጉ ሰፋ፤ በፈረንሳይ ግን ጭማሪው አነስተኛ ነበር። ሦስቱም ባለጸጋ ሀገራት ናቸው፤ ካለያዩዋቸው ነገሮች መካከል ግብር፣ የደመወዝ ሥርዓትና ማኅበራዊ ድጋፍ ይገኙበታል። እድገቱ ብቻውን ክፍፍሉን አላስተካከለም፤ የኩዝኔትስ ጥንቃቄም ከግምታቸው ይልቅ ዘመን ተሻገረ።